ግመልን በመርፌ መለካት

ከጦርነቱ በፊት ካርቱም፣ ጀብራ ሰፈር ውስጥ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጥሬ ነበር። ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «እንጨት በኮምፒውተር የሚቀርጽ ማሽን ላይ ነኝ» እላለሁ፤ እስከዚህ ድረስ ሁሉም ይገባዋል። ችግሩ የሚመጣው «ማሽኑ ከቀረጸ አንቺ ምን ታደርጊያለሽ?» ሲሉ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ አብዛኛውን ቀን ቁጭ ብዬ መርፌ አያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከማሽኑ ላይ ስለቱን አውጥተን በቦታው ቀጭን የብረት መርፌ እንተክላለን። መርፌው ከላይ ይወርዳል፣ ከታች የተቀመጠውን ዕቃ ነካ ያደርጋል፣ የነካበትን ከፍታ ለኮምፒውተሩ ይነግራል፣ ይነሣል፣ ግማሽ ሚሊሜትር ፈቀቅ ብሎ እንደገና ይወርዳል። ጥሬ እንደምትለቅም ዶሮ ነው፤ ዶሮ ግን ትጠግባለች። መዳፍ የምታህል ዕቃ ለመዳሰስ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ሲጨርስ የዕቃው መልክ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከዚያ ስለቱን መልሰን ያንኑ መልክ ሌላ እንጨት ላይ እናስቀርጻለን።

ማሽኑን የወደድኩት ስለማያናግረኝ ነው። ሀገር ቤት መካኒካል ምሕንድስና ተምሬያለሁ፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ክፍል ውስጥ እጄን ያወጣሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንደኛው መስኮት እንዲከፈት ለመጠየቅ ነበር። ካርቱም ስመጣ አረብኛው ተጨመረበት። አንድ ዓረፍተ ነገር ከአፌ ከመውጣቱ በፊት በልቤ ሦስት ጊዜ እለማመደዋለሁ፤ ስጨርስ ሰዎቹ ወደ ሌላ ጨዋታ አልፈዋል።

የምኖረው ዴም ሰፈር ውስጥ፣ ከአክስቴ ጋር በአንድ ክፍል ነበር። አክስቴ የወሎ ሴት ናት፤ አል-ማንሺያ ሰፈር አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ስትሠራ ከአሥር ዓመት አልፏታል። እመቤቷን «መዳም» ነው የምትላት። መዳም ሁለተኛ ሠራተኛ ፈልጋ ነበርና አክስቴ ቦታውን ለእኔ ይዛልኛለች።

«የራስሽ ክፍል አለሽ፤ ማቀዝቀዣ ያለው» ትለኛለች። «ድግሪሽንም ግድግዳው ላይ ትሰቅይዋለሽ። መዳም አትከለክልም፣ ጠይቄያታለሁ።»

እየቀለደች አልነበረም። እስከ ወሩ መጨረሻ ታገሺኝ ብያት ነበር፤ የሙከራ ጊዜዬ የሚያልቀው ያኔ ነው።

የሥራ ቤቱን ባለቤት ሁላችንም ኡስታ እንለዋለን። እጁ የተመሰከረለት ሱዳናዊ አናጺ ነው፤ ማሽኑን ያገለገለ ገዝቶ፣ የመርፌውን ሣጥን ግን እኔ እስክመጣ ድረስ አልከፈተውም። እኔን «ባሽሙሐንዲሳ» ይለኛል። ሱዳኖች መሐንዲስን የሚያከብሩበት አጠራር ነው፤ እሱ ሲጠራኝ ግን መጨረሻው ላይ ትንሽ የጥያቄ ድምፅ አለበት።

አንድ እሑድ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ሐጂ አንድ ነገር በነጭ ሻሽ ጠቅልለው፣ ሕፃን እንደታቀፈ ሰው ይዘው መጡ። ሲፈቱት የግመል ራስ ነው፤ ከአንገቱ እስከ አፉ አንድ ስንዝር የሚሆን፣ ከጥቁር እንጨት የተቀረጸ። ዓይኑ ከበድ ብሎ ግማሽ ተከድኗል፤ የታችኛው ከንፈሩ ወረድ ብሏል፤ ሰው የሚንቅ ይመስላል።

«የአባቴ ሶፋ እጅ ነው» አሉ። «አባቴ የግመል ነጋዴ ነበሩ፤ እኔም ነበርኩ። ሶፋው ሁለት ግመል ነበረው፤ ቤት ስንቀይር አንዱ ጠፋ። ሐሙስ ልጄን ለመጠየቅ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ባንድ በኩል ግመል፣ ባንድ በኩል ጉቶ ያለው ሶፋ ላይ አማቾቼን አላስቀምጥም።»

ኡስታ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ሐጂ፣ ረቡዕ ጠዋት ይምጡ። ይኼኛው ግመል አንድ ጭረት አይነካውም፣ ወላሂ። ማሽናችን በመርፌ ጫፍ ነው የሚዳስሰው።»

ሐጂ መርፌውን አዩ፣ ግመሉን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ሄዱ።

ከወጡ በኋላ ኡስታ ወደ እኔ ዞረ። «ባሽሙሐንዲሳ፣ ይኼ ግመል ከወጣ ቦታው ያንቺ ነው። ካልወጣ ግን የሚስቴ ወንድም ማሽኑን ሽጥልኝ እያለ ነው፤ በወሩ መጨረሻ እሰጠዋለሁ። ያለ ማሽን ደግሞ አንቺን ምን ላደርግሽ?»

«ኢንሻአላህ» አልኩ። ይህችን ለመለማመድ ጊዜ አላስፈለገኝም።

ችግሩ የግመሉ ውፍረት ነበር። የእኛ ማሽን መርፌ የሚወርደው ሁለት ጣት ያህል ብቻ ነው፤ ግመሉ በጎኑ ሲተኛ አራት ጣት ይሆናል። ስለዚህ ወፍራም ነገር ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም፤ እስከ ወገቡ ይቀበራል። ሁለት ጣቱ ከላይ ይቀራል፣ መርፌው እሱን ይዳስሳል። ሌላኛውን ጎን ኮምፒውተሩ እንደ መስታወት ገልብጦ ያወጣልኛል። የሐጂን ግመል ሁለቱንም ጎን በካሊፐር ለካሁት፤ የድሮው ቀራጭ ሁለቱን ጎኖች በፀጉር ያህል እንኳ አላበላለጣቸውም።

ግን በምን ልቅበረው?

«በአሸዋ» አልኩት ኡስታን።

«ማሽኔ አጠገብ አሸዋ? የካርቱም አቧራ አነሰሽ?»

«በጄሶ።»

«ሲደርቅ በመዶሻ ልታወጭው ነው? ለሐጂ ምያለሁ እኮ!»

ሰኞ ጠዋት ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ሕፃናት የሚጫወቱበትን ባለቀለም ጭቃ ገዛሁ፤ ሦስት አረንጓዴ፣ አራት ቀይ። ግመሉን በስስ ላስቲክ ጠቅልዬ፣ ቀበርኩና መርፌውን አስነሣሁ። እስከ ረፋዱ ድረስ ደኅና ነበር። ቀትር ላይ የጀብራ ሙቀት የቆርቆሮውን ጣሪያ አልፎ ሲገባ ጭቃው እንደ ቅቤ ለሰለሰ። ግመሉ ቀስ ብሎ፣ ክብሩን እንደጠበቀ፣ በአፉ በኩል ወደ ታች ሰመጠ።

ኡስታ አጎንብሶ አየው። «ውኃ ጠምቶት ነው» አለ። ከዚያ የማይሥቀውን ሣቁን ሣቀ። ሰኞ በዚህ አለቀ።

ማታ እራት ላይ ለአክስቴ ነገርኳት። ብዙ ጊዜ ስለ ማሽኑ ሳወራ ታዛጋለች፤ «ቀበርኩት» ስል ግን ቀና አለች።

«በሊጥ አትቀብሪውም?»

«በሊጥ?»

«ጠጠር ያለ ሊጥ የያዘውን ይለቃል? ትናንት ቀለበቴን ይዞብኝ ግማሽ ሰዓት ታግያለሁ። አይጭርም፣ አያቆሽሽም፣ በፀሐይም አይቀልጥም።»

አሰብኩት። ስሕተት የሚሆንበትን ምክንያት ፈለግኩ፤ አላገኘሁም። ምሕንድስና አምስት ዓመት ተምሬ መልሱ ከእራት ትሪ ላይ መምጣቱ ትንሽ ከንክኖኝ ነበር፤ አልደብቅም።

«እሺ። ግን ለቂጣ እንደሚሆነው። እርሾ ጨርሶ እንዳይነካው።»

«ሊጥ ልታስተምሪኝ ነው?» አለችኝ።

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ አቡክታ፣ በትልቅ የላስቲክ ሳፋ አድርጋ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍና አስታቀፈችኝ። አውቶቡስ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌው ሄድኩ። ሥራ ቤት ስገልጠው አናጺዎቹ ሁሉ መጥተው ከበቡኝ። «ዐጂን!» ተባባሉ፤ ሊጥ ማለታቸው ነው። አንዱ ግመሉን በምን ወጥ እንደምንበላው ጠየቀ። ኡስታ ግን ሊጡን በጣቱ ጫን አድርጎ «ደኅና ይዟል» አለ። አናጺ ስለሆነ የሚይዝ ነገር ያውቃል።

ግመሉን እስከ ወገቡ ቀበርኩት። ሊጡ እንዳይደርቅ ዙሪያውን ላስቲክ አለበስኩት፤ ይህም የአክስቴ ምክር ነው። መርፌው ከአንገቱ ጀምሮ ረድፍ በረድፍ ወደ አፉ እየለቀመ ሄደ። ኡስታ የዚያን ቀን ጄነሬተሩን ሞልቶት ስለነበር መብራት እንኳ አልጠፋም። በኋላ ሳስበው የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ ካርቱም ውስጥ ለማንኛውም ጥፋት «ከህረባ ጠፍቶ ነው»፣ መብራት ሄዶ ነው፣ ማለት ይቻል ነበር።

ሰባት ሰዓት ሙሉ ከስክሪኑ ዓይኔን አልነቀልኩም። አንገቱ ወጣ፤ ያማረ አንገት። ጆሮው ወጣ። ዓይኑ ያንኑ ንቀቱን ይዞ ወጣ። አፉ ላይ ሲደርስ ትንሽ ሰፋ ያለ መሰለኝ። ግን ግመልን ፊት ለፊት ተያይቼ አላውቅም፤ አፍህ ሰፋ ለማለት እኔ ማን ነኝ?

«ኸላስ?» አለ ኡስታ።

«አልቋል። ግን ነገ ጠዋት በረጋ መንፈስ ላየው ፈልጌ...»

ዓረፍተ ነገሩን ስጨርስ ኡስታ የማሆጋኒ ጉማጁን ማሽኑ ላይ አስሮ ነበር። «ያላ፣ አንቺ ሂጂ፤ እኔ እጠብቀዋለሁ። ማታ እንዲያልቅ።»

ግመሉን ከሊጡ አውጥቼ ሻሹ ላይ አስቀመጥኩት፤ ሊጡን መልሼ በሳፋ አድርጌ፣ ሸፋፍኜ ወደ ዴም ይዤው ተመለስኩ። ዱቄት አይጣልም።

አክስቴ ጨርቁን ስትገልጥ ሊጡ የሳፋውን ከንፈር አልፎ ወጥቷል። ፊቷ በደስታ በራ።

«ማሻአላህ! ምን ኩፍ ብሏል!»

ያኔ ገባኝ። ያ ሊጥ ኩፍ ያለው አውቶቡስ ላይ ብቻ አይደለም። ጠዋት ጀምሯል። ላስቲኩ ሥር፣ ድምፁን አጥፍቶ፣ ግመሉን ተሸክሞ ሰባት ሰዓት ሙሉ ወደ ላይ ሲወጣ ውሏል። መርፌው ደግሞ የነካውን ይጽፋል እንጂ ግመሉ ለምን ከፍ አለ ብሎ አይጠይቅም። እንደኔ ነው።

«እርሾ አድርገሽበታል?»

«ትንሽ ናት።»

«ምን ያህል ትንሽ?»

በእጇ አሳየችኝ። ጭብጥ ሙሉ ነው።

«አክስቴ! እርሾ አይንካው አላልኩሽም?»

«ብለሻል። ግን አንቺ፣ እዚያ ቤት ስንት ወንድ አለ? ሁሉም ይገልጠዋል፣ ሁሉም ያየዋል። አክስቷ የላከችላት ይቺን ድርቅ ያለች ቂጣ ነው ይበሉሽ? እኔ በሕይወት እያለሁ?»

ይህን ስትል ዓይኗ እንባ ቋጠረ። ለኡስታ ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ ማሽኑ ሲቀርጽ ስልክ አይሰማም። አክስቴ ግመሉ የነካውን ቆርጣ ጣለችና የቀረውን ድፎ አድርጋ ጋገረችው። ጠዋት ስወጣ በጨርቅ ጠቅልላ ብብቴ ሥር አደረገችው። «ባዶ እጅሽን አትግቢ። ካባረሩሽም ጠግበው ያባርሩሽ።»

አውቶቡስ ውስጥ አንዲት የአረብኛ ዓረፍተ ነገር ስለማመድ ሄድኩ፤ «ሊጡ ተነሣ፣ ግመሉም አብሮ ተነሣ።» ሃያ ጊዜ ያህል ደገምኳት። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ የውርድ ጸሎት እየደገምኩ መስሏቸው መሰለኝ፣ ቦታ ለቀቁልኝ። ሌላም ነገር በልቤ እየሠራሁ ነበር፤ እሱ ግን ዓረፍተ ነገር ሳይሆን ቁጥር ነው።

ስደርስ ኡስታ ማሽኑ ፊት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል። የተቀረጸው ነገር ከአንገቱ ግመል ነው። ከጆሮው በኋላ መጠራጠር ይጀምራል። አፉ ጋ ሲደርስ ጉማሬ ነው። አንድ ጎን ሰፍቶ፣ ኮምፒውተሩ ያንኑ ገልብጦ በሁለቱም በኩል ስላወጣው፣ ጆሮ ደግፍ የያዘው ፍጡር ሆኗል።

አፌን ከፈትኩ። «ሊጡ...» ስል በሩ ላይ ሐጂ ቆመዋል።

ቀስ ብለው መጡ። አዲሱን አዩት። የእሳቸውን ከሻሹ አውጥተው አጠገቡ ያዙት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

ኡስታ ዓይኑን ሳያርገበግብ፣ «እያመነዠከ ነው፣ ሐጂ» አለ። «አንዱ ዝም ያለ፣ አንዱ የሚያመነዥክ። አዲስ ሞዴል ነው፤ አሁን ሰው የሚፈልገው እንዲህ ነው።»

«ልጄ» አሉ ሐጂ፣ «አርባ ዓመት ከግመል ጋር ነው የኖርኩት። ግመል ሲያመነዥክ አገጩ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። ይኼ በሁለቱም ጉንጩ ነው የጎረሰው። እንዲህ የሚበላ አንድ ብቻ ነው የማውቀው፤ እሱም የእህቴ ባል ነው።»

አናጺዎቹ ጀርባቸውን አዞሩ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

«ማነው የሠራው?» አሉ ሐጂ።

ኡስታ ወደ እኔ አየ። ያ አስተያየቱ መጨረሻው ላይ የጥያቄ ድምፅ አልነበረውም። ማሽኑ ለሚስቱ ወንድም ሲጫን፣ የእኔ ድግሪ አል-ማንሺያ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ታየኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ከዚያ የተለማመድኳት ዓረፍተ ነገር መጣች። «ሊጡ ተነሣ፣ ግመሉም አብሮ ተነሣ።»

ማንም አልገባውም። ስለዚህ ብብቴ ሥር ያለውን ጥቅል ፈታሁና ድፎውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። «ይኼ ነው የተነሣው።» ከዚያ ሳልለማመድ ማውራት ጀመርኩ፤ ግሱ ተሳስቶም ይሁን ጾታው ተደባልቆ ቀጠልኩ። ስለ መርፌው፣ ስለ ውፍረቱ፣ ስለ ጭቃው፣ ስለ አክስቴና ስለ ጭብጧ ነገርኳቸው። «ቂጣ ነው የላከችላት ይበሉሽ» የሚለው ላይ ስደርስ ሐጂ ወንበር ፈለጉ። ተቀምጠው እስኪያስላቸው ሣቁ፤ ሻሻቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ።

«ያ ሰላም!» አሉ። «እና አሁን፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ እኔ ነገ ሶፋዬን ምን ላድርገው?»

«ሊጡን ከግመሉ ላይ እቀንሰዋለሁ» አልኩ።

ኡስታ «እንዴት?» አለ። የምሬን መሆኑ የገባው መሰለኝ።

እያንዳንዱ ረድፍ ስንት ሰዓት ላይ እንደተዳሰሰ ኮምፒውተሩ ይዞታል። የእውነተኛውን ግመል በካሊፐር ስድስት ቦታ ለካሁትና መርፌው ከጻፈው ጋር አስተያየሁት። አንገቱ ላይ ልዩነት የለም። ጆሮው ሥር አንድ ሚሊሜትር፤ ዓይኑ ጋ ሦስት፤ ከንፈሩ ላይ ስምንት። ሊጥ መጀመሪያ ያመነታል፣ ከዚያ ይቸኩላል፤ አካሄዱን በመስመር ስሠራው ያማረ መስመር ነው። ከየረድፉ ላይ የሊጡን ድርሻ ቀነስኩ። ስክሪኑ ላይ የጉማሬው ጉንጭ ሟሸሸና የግመሉ ንቀት ተመልሶ መጣ።

«አዲስ እንጨትም አያስፈልግም» አልኩት ኡስታን። «እንደ ሰኞው ሰምጦ ቢሆን ኖሮ ከሲታ ይወጣ ነበር፤ ከሲታ አይድንም። ወፍራም ግን ይቀነሳል። ማሽኑ በዚያው ላይ ደግሞ ይሂድበት።»

«ሐኪሙም ለእኔ ያለኝ ይኼንኑ ነው» አሉ ሐጂ፣ ከድፎው እየቆረሱ።

ሁለተኛው ቀረጻ እስከ ዐስር ሰዓት ቆየ። ሐጂ አልሄዱም። ማሽኑ አጠገብ የላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ድፎውን ከአናጺዎቹ ጋር እየተካፈሉ፣ ለኡስታ ስለ ግመል ይነግሩታል፤ ኡስታ «እንዴታ፣ ሐጂ» ይላል፤ እኔ እንደልማዴ ስለቱን አያለሁ። ሲያልቅ ኡስታ ራሱ በአሸዋ ወረቀት አለስልሶ፣ ዘይት ቀብቶ፣ በሁለት እጁ አቀረበላቸው። ሐጂ አዲሱን በቀኝ አሮጌውን በግራ ይዘው ብዙ ጊዜ ቆዩ። የአዲሱን የታችኛ ከንፈር በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ልክ እንደ መርፌው፣ ቀስ ብለው።

«አሁን ናቀኝ» አሉ። «ውሰደው፣ ጠቅልለው።»

ከሄዱ በኋላ ኡስታ የማሽኑን ጠረጴዛ በብሩሽ ሲያጸዳ ቆየ። የእኔ ሥራ ነበር፤ ግን ተውኩት።

«ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ጠዋት» አለ፣ ቀና ሳይል። ሱዳኖች እንደ እኛ ሰዓት አይቆጥሩም፤ ሰባት ሲሉ አንድ ሰዓት ማለታቸው ነው። «ሐጂ ሌላ ሶፋ አለኝ ብለዋል። ስለ ማሽኑ ለሚስቴ ወንድም ነግሬዋለሁ፤ አልሸጥም። አሸዋውን ደግሞ እኔ አጥቤ፣ ወንፍቼ አመጣልሻለሁ።» በሩ ላይ ስደርስ ጠራኝ። «ባሽሙሐንዲሳ!» ዞርኩ። «ድፎው ግን ይቀጥል።»

ዴም ስደርስ አክስቴ በር ላይ ቆማ ነበር። ነገርኳት። ከመነሻው እስከ መድረሻው ሳታቋርጠኝ ሰማችኝና ተነፈሰች።

«እንግዲያው ሥራውን ያገኘሁልሽ እኔ ነኛ» አለች።

«ልታስባርሪኝ ነበር እኮ!»

«ቂጣ ሆኖ ቢሆን ሽማግሌው ይሥቁ ነበር? ይቀመጡ ነበር? እኮ ምን ይበሉ ነበር?»

እሷ ስልኳን አውጥታ መዳም ጋ ደወለች፤ በወሩ መጨረሻ እንደማልመጣ ልትነግር ነው። አረብኛዋ ከእኔ ይፈጥናል፤ ያገኘሁትን ሥራ ስታብራራ ግን «የግመል አፍ አብጦ አዳነችው» ስትል በግልጽ ሰማኋት። «አዎ፣ በአንድ ቀን። አዎ፣ ዩኒቨርሲቲ ነው የተማረችው።» ከዚያ አዳመጠች። ስልኩን በእጇ ሸፍና ወደ እኔ ዞረች።

«መዳም ግቢ ያለችው ፍየል ከትናንት ጀምሮ አልበላ ብላለች። ዓርብ ትምጣና ትያት ነው የምትለው። ምን ልበላት?»